ማክሰኞ ጡቷ ላይ ናሙና ሊወሰድላት ለተቀጠረች እህት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ39 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁና አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ‹ኮር ባዮፕሲ ያስፈልግሻል› ተብዬ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጥሬያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጎረቤቴ ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ተሠርቶላት ‹በቁሜ ነው የወጉኝ› ትላለች። ማደንዘዣ ይሰጡኛል? እንዲያስተኙኝ መጠየቅ እችላለሁ? ቀድሜ ማስታገሻ ልዋጥ? አክስቴ ደግሞ ‹መርፌ የነካው ይዛመታል፣ ይልቅ ጠበል ግቢ› አለችኝ። ሌላው፣ ረቡዕ እንጀራ የምጋግርበት ቀን ነው፤ ይቻለኛል? አንቺ ይበሉኝ፣ ታናሽዎ ነኝ።»

እሺ እህቴ፣ አንቺ እልሻለሁ። እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። በአልትራሳውንድ እያየሁ ከጡት ናሙና መውሰድ እዚሁ ጎንደር የየሳምንቱ ሥራዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔን የምታስቸግረኝ የምትጮህ ሴት አይደለችም። ዝም የምትለዋ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደምቢያ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ወደ ስልሳ ይጠጋሉ። አልጋው ላይ ተኙ፣ ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማደንዘዣውን ሰጠኋቸው። «ያምዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም አላለኝ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። አንድ ናሙና ወሰድኩ። ሁለተኛም ወሰድኩ። ሦስተኛው ላይ ነርሷ በክርኗ ነካ አደረገችኝና በዓይኗ ወደ አልጋው ግርጌ ጠቆመችኝ። የእናታችን የእግር ጣቶች እንደ ቡጢ ተጨብጠዋል። ነጭ እስኪሆኑ ድረስ።

ማደንዘዣው ቆዳውን እንጂ እብጠቱ ያለበትን ጥልቀት በደንብ አልደረሰም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩያለሁ። ጨምሬ ሰጠኋቸው፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ የቀረውን ሳይሰማቸው ጨረስን። «ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «ሐኪም ሥራ ላይ እያለ እንዴት ይጮሃል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊት ብቻ ሳይሆን እግርም አያለሁ።

ግን ሁሉም ሐኪም እግር አያይም። ስለዚህ የአንቺ ሥራ መናገር ነው። «ቻይ ሴት» መባል ለሌላ ቀን ይቆይ። ገና ስትገቢ፣ መርፌ ሳይወጣ፣ «በጣም ፈርቻለሁ፣ ካመመኝ እጄን አነሣለሁ፣ ያኔ አቁሙልኝ» በዪ። ሌላ ምንም ባትዪ ይህቺን ብቻ በዪ። የምታነሺው ግን የቀኝ እጅሽን ነው። ግራው ጭንቅላትሽ ሥር ስለሚሆን ስታነሺው ጡቱን ያንቀሳቅስብናል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። ማደንዘዣ ይሰጥሻል። ኮር ባዮፕሲ ያለ ማደንዘዣ አይሠራም። መድኃኒቱ ሊዶካይን ይባላል። ጥርስ ተነቅለሽ የምታውቂ ከሆነ ያኔ ድድሽ ላይ የተወጋው ያው እሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ያኔ አሳክኮሽ፣ አብጦብሽ ወይም ራስሽን ስተሽ ከነበረ ንገሪን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሥራው ሁሉ የሚያቃጥለው ይህ የማደንዘዣው መርፌ ነው። እንደ ሚጥሚጣ ቁጥጥ ያደርጋል። ከአሥር እስከ ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ስለዚህ «ቀስ አድርገው ይስጡኝ» ማለት ነውር የለውም፤ እኔ ብሆን እላለሁ።

ሌላም ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማደንዘዣ መጨመር ይቻላል። ለአንድ ናሙና ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ደግሞ የ1 ፐርሰንቱ ሊዶካይን እስከ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ድረስ ይፈቀዳል። ሰፊ ቦታ አለን ማለት ነው። «ጨምሩልኝ» ስትዪ ሐኪሙን አላስቸገርሽም፤ ያለውን ተጠቀም አልሽው እንጂ።

ቀጥሎ የሚሆነው ይህ ነው። ጀርባሽ ላይ ትተኛለሽ፣ ግራ እጅሽን ወደ ጭንቅላትሽ ትሰቅያለሽ። ብዙ ሴቶች ሲጨርሱ «ጡቴስ ምንም አላለኝ፣ ትከሻዬ ነው ያለቀው» ይሉኛል። ክንድሽ ሥር ትራስ ወይም የተጣጠፈ አንሶላ እንዲደረግልሽ ቀድመሽ ጠይቂ። ቆዳሽ ይጸዳል፣ ቀዝቃዛ ነው። ማደንዘዣው ይሰጣል። ከዚያ በቢላ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ትበጣለሽ። መስፋት እንኳ አያስፈልጋትም። የናሙናው መርፌ በዚያች ይገባል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሰፌድ ስንደዶ በይው። አልትራሳውንዱ ላይ እያየነው እብጠቱ ዘንድ ይደርስና «ቀጭ» ይላል።

ስለዚህች «ቀጭ» ትንሽ ላውራ። እኛ መሣሪያውን እርስ በርስ በእንግሊዝኛው «ጋን» እንለዋለን። መጥፎ ልማድ ነው። ሽጉጥ ማለት መሆኑን ማን ያጣዋል? ተኩስ የሰለቸው ጆሮ ይህን ቃል ሰምቶ፣ ወዲያው ከጡቱ ሥር «ቀጭ» ሲል ቢደነግጥ ምን ይገርማል። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ነው። ድምፁ የቢሮ ስቴፕለር ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ አየር ላይ አስጮኸዋለሁ። ካላስጮኹልሽ «ድምፁን አንዴ አሰሙኝ» በዪ። ጆሮ አንዴ የሰማውን ሁለተኛ ብዙ አይደነግጥበትም።

ይህ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ጊዜ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ የግፊት ስሜት ይኖራል። ሰው በአውራ ጣቱ የሚጫንሽ ይመስላል። ግፊት ማደንዘዣው አልሠራም ማለት አይደለም፤ መግፋትና መንካት ይሰማል፣ መውጋት ግን መሰማት የለበትም። የሚወጋ፣ የሚቆርጥ ነገር ከተሰማሽ እጅሽን አንሺ። ጠቅላላ ከተኛሽበት እስክትነሺ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። መርፌው ውስጥ ያለበት ጊዜ ሲደመር ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጎረቤትሽ «በቁሜ ወጉኝ» ያለችው ውሸት ላይሆን ይችላል። ግምቴን ልንገርሽ፤ እሷ የተሠራላት የቀጭኑ መርፌ ምርመራ ይሆናል። ኤፍ ኤን ኤ ይባላል። መርፌው ደም ከምትሰጪበት ይቀጥናል፣ ሴሎችን ብቻ ስቦ ይወጣል። አንዱ ውጊያ ደቂቃ አይሞላም። ብዙ ቦታ ያለ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው፣ ምክንያቱም ማደንዘዣው ራሱ ከእሱ የማይተናነስ ሌላ ውጊያ ነው። ያንቺው ሌላ ነው። ሥጋ ተቆርሶ ስለሚወጣ ለፓቶሎጂስቱ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚያየው ሐኪም፣ ብዙ ይነግረዋል። ካንሰር ከሆነም ለየትኛው መድኃኒት እጅ እንደሚሰጥ የሚመረመረው በዚያው ናሙና ላይ ነው። ስለዚህ የሷን ሕመም ባንቺ ላይ አትለኪው።

እንዲያስተኙሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ግን አያስፈልግሽም፣ እኔም አልመክርሽም። ሙሉ ማደንዘዣ የራሱ ጣጣ አለው፤ መጾም አለ፣ የመተንፈሻ ክትትል አለ፣ ወጪ አለ። ይህ ሁሉ ለግማሽ ሰዓት ሥራ። ነገር ግን መርፌ ሲያዩ ልባቸው የሚጠፋ፣ እንደ ጎርፍ የሚወሰዱ ሰዎች አሉ። አንቺ እንዲያ ከሆንሽ አስቀድመሽ ንገሪ። ሐኪሙ ከሥራው በፊት የሚዋጥ ቀለል ያለ የጭንቀት ማረጋጊያ ሊያዝልሽ ይችላል። ያኔ ወደ ቤት የሚወስድሽ ሰው ግዴታ ነው። ከጎረቤት ተበድረሽ፣ ከፋርማሲ ለምነሽ ግን እንዳትውጪ።

ለማስታገሻው ፓራሲታሞል ይበቃል። ጉበትሽ ላይ ችግር ካልተነገረሽ ሁለት የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ውጪ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ለዚህ ብለሽ አትውሰጂ፤ ደም ያቀጥናሉ፣ ጡትሽ እንዲጠቁር ያደርጋሉ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው «አድቪል» የሚባለውም አይቡፕሮፌን ነው፤ ይህን ስንት ሰው እንደማያውቅ ብነግርሽ አታምኚኝም። ለልብ ወይም ለደም መርጋት ታዞልሽ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ደግሞ በራስሽ እንዳታቆሚ። ስሙን ይዘሽ ነይና እኛ እንወስን።

ቁርስ ብዪ። ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ ቁርስ ብዪ። «ኦፕራሲዮን ነው» ብለው ከማታ ጀምረው ሳይቀምሱ የሚመጡ አሉ። ባዶ ሆድ፣ ፍርሃት፣ የደም ጠረን ሲገናኙ ሰው ይወድቃል። አልጋዬ ላይ ራሳቸውን የሳቱት አብዛኞቹ ካልበሉት ናቸው። ማክሰኞው የጾም ወቅት ላይ ከዋለብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ የማውቃቸው አባቶች ለሕክምና ሲሆን ሻይና ዳቦ አይከለክሉም።

ልብስሽ ሁለት ቁራጭ ይሁን። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝና ቀሚስ። ሙሉ ቀሚስ ለብሶ መምጣት ማለት ለጡት ምርመራ እስከ ወገብ መራቆት ማለት ነው፤ ያ ራሱ ግማሹ ጭንቀት ነው። ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው፣ የማይሠራበትን ጡት ይሸፍንልሽ። ሐኪሙ ወንድ ከሆነና ከከበደሽ ሴት ነርስ አብራሽ እንድትቆም ጠይቂ። እኔ ያለ ሴት ነርስ አልጀምርም።

ወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ጡትሽ የሚያምሽ ዓይነት ሴት ከሆንሽ፣ ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት ላይ ሥራው ይቀልሻል። ማክሰኞው ከዚያ ጋር ካልገጠመ ግን ለዚህ ብለሽ ቀጠሮ አትቀይሪ።

አሁን ፍርሃቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው «አትፍሪ» ብሎ ያልፈዋል። «አትፍሪ» መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በአሜሪካ ልክ ያንቺን ዓይነት ናሙና በሚወሰድላቸው 236 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። አንደኛው ቡድን እንደወትሮው ታከመ። ሁለተኛው ቡድን አጠገቡ የሚያዳምጥና ረጋ ብሎ የሚያናግር ሰው ተመደበለት። ሦስተኛው ደግሞ አልጋው ላይ ሳለ ሐሳቡን ወደሚወደው ቦታ እንዲወስድ ተመራ። የመጀመሪያው ቡድን ጭንቀት ሥራው በቀጠለ ቁጥር ጨመረ። የሁለተኛው ባለበት ቆመ። የሦስተኛው ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ121 ሴቶች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በዚያው ሰዓት ሙዚቃ መስማትም ሆነ የተመራ ተመስጦ ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳየ።

እኛ ክፍል ውስጥ ይህን የምታደርግልሽ ባለሙያ የለችም። ነርሷ ግን አለች፣ ያንቺም አፍ አለ። አንድ ቀን አንዲት ጠላ ሻጭ መጣች። ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ነርሷ «እስቲ ጠላ አጣጣልሽን ንገሪኝ፣ የኔ ሁልጊዜ ይሆመጥጣል» አለቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ በቁጣ አየቻት። ከዚያ ጀመረች። ጋኑ በምን እንደሚታጠን። ጌሾው ስንት ቀን እንደሚቆይ። ብቅሉ መቼ እንደሚገባ። አሻሮው ምን ያህል መቆላት እንዳለበት። «አንቺማ አታጥኚውም፣ ለዚያ ነው የሚሆመጥጠው» ብላ ገሠጸቻት። ድፍድፉ ላይ ስትደርስ አራት ናሙና ወስደን ነበር። ቀና ብላ «ጨረሳችሁ እንዴ?» አለች።

ስለዚህ አንድ ረጅም ሥራ ከቤትሽ ይዘሽ ነይ፣ በሐሳብሽ። ጠላ ይሁን፣ ድልህ ይሁን፣ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ታክሲው የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ይሁን። ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነገር ነው የሚሻለው። ባዶ «ደስ የሚል ነገር አስቢ» ቶሎ ይበተናል።

ጸሎት የምትይ ከሆነ ጸሎትም ይሠራል፣ በዝግታ ከሆነ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን አየር እያስወጣሽ፣ ረዘም አድርገሽ፣ በከንፈርሽ በዪው። ሙስሊም እህቶቼ ሶለዋት ያደርጋሉ፣ ያው ነው፤ ረጅሙ ትንፋሽ ልብን ያዘገያል። ግን ልብ በዪ፤ ትንፋሹ በሆድ ይሁን። በደረትሽ በኃይል ከተነፈስሽ እብጠቱ ከመርፌው ሥር ከፍ ዝቅ ይልብናል። ሆድሽ ይነሣ፣ ደረትሽ ይረፍ። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ አልጋሽ ላይ ተለማመጂው። ለእንቅልፉም ይረዳሻል።

አክስትሽ ያሉትን እዚህ ከተማ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ሰዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። መርፌው ይገባል፣ ውጤቱ ይመጣል፣ ሴትየዋ ትደክማለች። ያየ ሁሉ «መርፌው ነው» ይላል። በሽታው ግን ከመርፌው በፊት ሄዷል። ሴሎች በመርፌው መንገድ ላይ ጥቂት ሊንጠባጠቡ ይችላሉ፣ አልክድሽም። አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ፤ ኋላም ቀዶ ጥገናና ጨረር ካስፈለገ ያንን ቦታ አብረው ያካትቱታል። ናሙና የተወሰደላት ሴት በናሙናው ምክንያት ዕድሜዋ አጠረ የሚል ማስረጃ የለም። ያለ ናሙና ግን ማንም ሐኪም ትክክለኛውን ሕክምና አይጀምርልሽም።

ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም፤ እናቴም ያለ ጠበል አታድርም። የምለምንሽ «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል እንድትተያት ነው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ። ጠጪው፣ ሌላውን ሰውነትሽን ተረጪው። የተወጋው ቦታ ላይ ግን ለሁለት ቀን ውሃ አይፍሰስበት፣ የቧንቧም ይሁን። እብጠቱ ላይ ቅጠል ቀጥቅጦ ማሰርን ደግሞ ከአሁኑ ተዪው። ቆዳው ከቆሰለ ማክሰኞ ላንሠራልሽ እንችላለን።

ከሁሉ የሚከፋው ማክሰኞ አይደለም፣ ከማክሰኞ በኋላ ያለው ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል። እዚያ ደርቆ፣ በሰም ተይዞ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ የቀናት፣ አንዳንዴም የሳምንታት ጉዳይ ነው። ቆየ ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ከመውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር አስጽፊ፤ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና የት ክፍል እንደሚሰጥ። ቀን የሌለው ጥበቃ ነው ሰው የሚጨርሰው። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ብዙው ካንሰር አይደለም። ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ጠጣር እብጠት አለ፣ ውሃ የቋጠረ ሲስት አለ፣ ኢንፌክሽን አለ። ያንቺው የትኛው እንደሆነ ግን በጽሑፍ ልገምት አልችልም፣ የሚገምትልሽንም አትስሚ።

ሌላ ሰው የማይነግርሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ቤተሰብ ወደ ሐኪሙ ተጠግቶ «ለእሷ አይንገሯት፣ ለእኛ ይንገሩን» ማለት የተለመደ ነው። ከፍቅር ነው። ግን የነገሩ ባለቤት እሷ ሳታውቅ ቤቱ ሁሉ የሚያለቅስበት ነገር ይሆናል። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ራስሽ መስማት ከፈለግሽ ማክሰኞውኑ ለሐኪሙ «ውጤቱን ለእኔ፣ እህቴ ባለችበት» በዪው። ስሟን አስመዝግቢ። የማትፈልጊ ከሆነም መብትሽ ነው፣ ለማን እንደሚነገር ግን አንቺ ወስኚ።

ከሥራው በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል እንጫነዋለን። ማደንዘዣው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ ያኔ ፓራሲታሞል ድገሚ፣ ከመጀመሪያው 6 ሰዓት ከሞላው። ፍሪጅ ያደረ የሃይላንድ ውሃ በፎጣ ጠቅልለሽ አሥር አሥር ደቂቃ ያዢበት። ጠበቅ ያለ ጡት መያዣ አድርጊ፣ ለሌሊቱም አታውልቂው። ባጃጅ ስትሳፈሪ ድንጋይ ንጣፉ መንገድ ላይ ይነቀንቅሻል። ጡትሽን ከሥር በእጅሽ ደገፍ አድርጊው፣ ልጁንም ቀስ እንዲል ንገሪው። ቦታው ይጠቁራል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። እስከ ሁለት ሳምንት ቢቆይ አትደንግጪ። እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ተጭነሽው የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እንጀራው። ረቡዕ አይሆንም። ሊጥ መሸከሙ፣ ምጣድ መወልወሉ፣ አክንባሎ ማንሣት ማውረዱ ሁሉ በዚያ ጡት ላይ ነው የሚያርፈው። ጀሪካንም አታንሺ። አብሲቱን ሌላ ሰው ይጣልልሽ፣ አንቺ ከወንበርሽ ላይ ሆነሽ ቀጠነ ወፈረ በያቸው። አርብ ካላመመሽ ጋግሪ።